የትንፋሽ አደጋዎችና መሠረታዊ መድኃኒቶች

በመጠለያና በሰፈራ ጣቢያዎች ለተሰማሩ የጤና ሠራተኞችና የሥራ ኃላፊዎች የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

ድርቅ በሰው ላይ የሚያደርሰው ጥፋት በተነሣ ቁጥር በቅድሚያ የሚታሰበው የእህል መታጣት ነው። ይሁን እንጂ ከቀዬው ተፈናቅሎ በመጠለያ ጣቢያ የሚሰበሰበውን ሕዝብ የሚጨርሰው ራብ ብቻውን ሳይሆን፣ ራብ በሩን የከፈተላቸው በሽታዎች ጭምር መሆናቸው በተደጋጋሚ የታየ ሐቅ ነው። ከእነዚህም መካከል ኩፍኝ፣ ተቅማጥ፣ ወባና የሳንባ ምች ግንባር ቀደም ናቸው።

በ1977 ዓ.ም. ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው በኮረም የተሰበሰበው ሕዝብ በቂ ልብስና መጠለያ ሳያገኝ ሌሊቱን በሜዳ ላይ ለማሳለፍ ተገዶ ነበር። በዚያው ዓመትና በተከታዩ በ1978 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 600,000 የሚጠጉ ሰዎች፣ ብዙዎቹም ያለ ፈቃዳቸው፣ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ መተከል፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ጋምቤላ ተወስደዋል። በተጨናነቀ መኪናና አውሮፕላን የተጓዘው ይህ ሕዝብ ከብርድ አገር ተነሥቶ ወባ ወደ ሰፈነበት ቆላ ወርዷል። ብርድ፣ መጨናነቅና ጉስቁልና በአንድነት ሲገናኙ በመጀመሪያ የሚጎዳው የሕፃናት ሳንባ መሆኑን የሁለቱም ሁኔታዎች ታሪክ ያስተምራል።

የእህል እጥረት ለረጂው ሳምንታትን ይሰጠዋል፤ የውኃ ጥማት ቀናትን ይሰጠዋል፤ የትንፋሽ መታፈን ግን የሚሰጠው ደቂቃዎችን ብቻ ነው። በመሆኑም የዚህ ትምህርት ዋና ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው፦ በጣቢያው ያለው መድኃኒት ጥቂት ቢሆንም እንኳ፣ የሕፃኑን ትንፋሽ አንድ ሙሉ ደቂቃ የሚቆጥር ሠራተኛ ካለና የመጀመሪያው መድኃኒት ከጉዞ በፊት ከተሰጠ፣ ብዙ ሕይወት ይተርፋል። ይህም እንዲሆን የጤና ሠራተኛው ብቻ ሳይሆን መኪና የሚመድበው፣ ድንኳን የሚያስተክለውና ዕቃ የሚያስጭነው የሥራ ኃላፊ ድርሻ አለበት።

1. አደጋው በመጠለያ ለምን ይበረታል?

በመጠለያ ጣቢያ የትንፋሽ በሽታን የሚያባብሱት ምክንያቶች አምስት ናቸው። አንደኛው መጨናነቅ ነው። በአንድ ድንኳን ብዙ ቤተሰብ ሲተኛ የአንዱ ሳል ለሁሉ ይደርሳል። ሁለተኛው ብርድ ነው፤ የከሳ ሕፃን የገላውን ሙቀት ጠብቆ ለማቆየት ኃይል ያንሰዋል። ሦስተኛው ጭስ ነው። እናት በድንኳን ውስጥ ጉልቻ ጎልታ በእርጥብ እንጨት ወይም በኩበት ስታበስል፣ በጀርባዋ ያዘለችው ልጅ ከእርሷ እኩል ጭሱን ይስባል። አራተኛው ኩፍኝ ነው፤ ኩፍኝ የሰውነትን የመከላከል ኃይል ስለሚያዳክም የሳንባ ምች ተከትሎት ይመጣል። አምስተኛውና ዋነኛው ጉስቁልና ነው። በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ለበሽታ ይበልጥ ከመጋለጡም በላይ የበሽታውን ምልክት የማሳየት ኃይል እንኳ ያጣል።

በዚህ ላይ የስሙ መመሳሰል የሚያስከትለው ስሕተት አለ። በብዙ የአገራችን አካባቢዎች «ምች» ሲባል ፀሐይ መታው፣ ዳማከሴ ታሽቶ ቢጠጣና ቢቀባ ይለቀዋል የሚባለው ሕመም ነው። ስለዚህ ልጇ «የሳንባ ምች» እንደያዘው የተነገራት እናት ጉዳዩን በዳማከሴ የሚታለፍ ቀላል ነገር አድርጋ ልትወስደው ትችላለች። ሠራተኛው የበሽታውን ስም ጠርቶ ከማለፍ ይልቅ «ሳንባው ቆስሏል፤ አየር እያጠረው ነው» ብሎ ማስረዳት ይገባዋል።

2. የአንድ ደቂቃ ቆጠራ

ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፊት የሳንባ ምችን ለማወቅ ሐኪም፣ ማዳመጫና ራጅ ያስፈልጋል ተብሎ ይታመን ነበር። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ዶክተር ፍራንክ ሻንና የሥራ ባልደረቦቻቸው ያካሄዱት ጥናት ግን፣ ትንፋሽን በመቁጠርና የደረትን እንቅስቃሴ በመመልከት ብቻ የገጠር ጤና ሠራተኛ አስጊውን ሕመም ከተራ ጉንፋን ለመለየት እንደሚችል አሳየ። የዓለም የጤና ድርጅትም ይህንኑ መሠረት አድርጎ ለታዳጊ አገሮች መመሪያ አወጣ። በኢትዮጵያም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በቀበሌ ደረጃ የሳንባ ምችን እንዲያክሙ የተፈቀደላቸው በዚሁ ቀላል ዘዴ ነው።

አቆጣጠሩ እንደሚከተለው ነው። ሕፃኑ በእናቱ እቅፍ ሆኖ እንዲረጋጋ ይደረጋል፤ የሚያለቅስ ወይም የሚጠባ ሕፃን አይቆጠርም። ከዚያም ሆዱና ደረቱ እስኪታይ ድረስ ነጠላው ወይም ብርድ ልብሱ ይገለጣል። ሠራተኛው ባለ ሰከንድ ሰዓት ይዞ ትንፋሹን ሙሉ 60 ሰከንድ ይቆጥራል። ለ15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ የሕፃን ትንፋሽ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያልና። ትንፋሽ ፈጠነ የሚባለው ቁጥሩ ከዚህ የሚከተለውን ሲሞላ ወይም ሲያልፍ ነው፦

ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን — በደቂቃ 60 (ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ ከተረጋገጠ)፤
ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላልሞላው — በደቂቃ 50፤
ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ላልሞላው — በደቂቃ 40።

ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚታየው ደረት ነው። ጤናማ ሕፃን አየር ሲስብ ደረቱም ሆዱም ወደ ውጭ ይነፋሉ። ሳንባው የጠጠረበት ሕፃን ግን አየር በሳበ ቁጥር ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው ክፍል ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ይህ ምልክት ሕፃኑ ለመተንፈስ እየታገለ መሆኑን ያሳያል።

ከእነዚህ ይልቅ የከፉትና ጊዜ የማይሰጡት የአደጋ ምልክቶች ደግሞ የሚከተሉት ናቸው፦ መጥባት ወይም መጠጣት አለመቻል፤ የወሰደውን ሁሉ ማስመለስ፤ የሰውነት መንቀጥቀጥ፤ መፍዘዝ ወይም ራስን መሳት፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ማቃሰት፤ የአፍንጫ ክንፍ መርገብገብ፤ የከንፈርና የምላስ መጥቆር ወይም መሰማየት፤ ሕፃኑ ሳያለቅስ አየር ሲስብ የሚሰማ ሻካራ ድምፅ። ከእነዚህ አንዱ የታየበት ሕፃን ተራ ሳይጠብቅ ይታያል። ዕድሜው ከ2 ወር በታች የሆነ ሕፃን ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ደረቱ በኃይል ከተሰረጎደ፣ ሌላ ምልክት ባይኖርም እንደ ጽኑ ሕመምተኛ ይቆጠራል።

በቆላማ የሰፈራ ቦታዎች አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያሻል። ጽኑ ወባና ከፍተኛ የደም ማነስም ትንፋሽን ያፋጥናሉ። ስለዚህ ትኩሳት ኖሮት ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሕፃን የወባ ምርመራ ይደረግለታል፤ መዳፉና የዓይኑ ሽፋን ውስጠኛ ክፍልም ነጥቶ እንደሆነ ይታያል። ወባ ከተገኘበት የወባው መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ይህ ግን የሳንባ ምቹን መድኃኒት አያስቀረውም።

3. ምልክቱ የተሸሸገበት ሕፃን

ከላይ የተሰጠው ቁጥር ሠራተኛውን የሚያታልልበት ሁኔታ አለ። ክፉኛ የከሳ ወይም እግሩ ያበጠ ሕፃን ሳንባው በበሽታ ተሞልቶ ሳለ ትንፋሹ ላይፈጥን፣ ደረቱ ላይሰረጉድ፣ ገላውም ላይግል ይችላል። ጡንቻው አልቋልና ለመታገል የሚያስችል ኃይል የለውም። እንዲህ ያለው ሕፃን በዝምታ ይሞታል። በመሆኑም በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ወደ ምግብ ማዕከል በገባበት ቀን፣ ሳል ኖረውም አልኖረው የጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት እንዲጀምር መመሪያው ያዝዛል። ገላው የቀዘቀዘ፣ ምግብ እምቢ ያለ ወይም የፈዘዘ ከሆነ ደግሞ እንደ ጽኑ ሕመምተኛ ይታያል።

በዚሁ ሕፃን ላይ በደግ ልብ የሚፈጸም አንድ ከባድ ስሕተት አለ። ተቅማጥ ይዞት ዓይኑ ጎድጉዶ የታየን የከሳ ሕፃን ለማዳን ሲባል ግሉኮስ በደም ሥሩ በፍጥነት ይለቀቅለታል። የተዳከመው ልቡ ይህን ሁሉ ፈሳሽ ሊገፋ ስለማይችል ውኃው ወደ ሳንባው ይመለሳል፤ ሕፃኑም በተቅማጥ ከመሞት ድኖ በገዛ ሳንባው ውስጥ ይሰጥማል። ስለዚህ ለከሳ ሕፃን ፈሳሽ በደም ሥር የሚሰጠው ራሱን የሚያስት ድንጋጤ (ሾክ) ሲደርስበት ብቻ ነው፤ በተረፈ ለእርሱ የተዘጋጀው ፈሳሽ ጥቂት በጥቂቱ በአፍ ወይም በአፍንጫ ቱቦ ይሰጠዋል። ፈሳሽ በሚሰጥበት ጊዜ ሁሉ ትንፋሹ ይቆጠራል። ትንፋሹ በደቂቃ በ5፣ የልብ ትርታው በ15 ከጨመረ ፈሳሹ ወዲያው ይቆማል።

ከዚህም ጋር የተያያዘው ምግብን በግድ ማጋት ነው። የደከመ ሕፃን አፍንጫውን ይዞ ወተት ማፍሰስ ወተቱን ወደ ሳንባው ይልከዋል። የአፍንጫ ቱቦ ሲገባም ጫፉ ከጨጓራ መድረሱ ሳይረጋገጥ ምንም ነገር አይፈስስበትም።

4. ከመድኃኒት በፊት መደረግ ያለበት

የትንፋሽ አደጋ ሲገጥም መጀመሪያ የሚከፈተው የአየር መንገዱ እንጂ የመድኃኒት ሣጥኑ አይደለም። ራሱን የሳተ ሰው ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ ጉሮሮውን ስለሚዘጋ አገጩ ወደ ላይ ቀና ይደረጋል፤ በአፉ የሚታይ ትውከት ወይም ምግብ ይጸዳል፤ እየተነፈሰ ከሆነም በጎኑ ይጋደማል። እየታገለ የሚተነፍስ ሰው ግን በግድ አይጋደምም፤ እርሱ ራሱ ይቀልለኛል ባለው አቀማመጥ ይተዋል። ሕፃንም ከእናቱ እቅፍ አይነጠቅም፤ ባለቀሰ ቁጥር ትንፋሽ ያጥረዋልና። ትንፋሹ ጨርሶ ለቆመ ሰው በእጅ በሚጨመቀው አምቡ ባግ አየር ይሰጠዋል፤ ለትልቅ ሰው በደቂቃ 10 ያህል፣ ለሕፃን ከ20 እስከ 30። የሚጨመቀውም ደረቱ ከፍ ሲል እስኪታይ ብቻ ነው።

ታንቆ መተንፈስና መጮህ ላቃተው ሕፃን፣ ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ፣ በክንድ ላይ በደረቱ አስተኝቶ ጭንቅላቱን ዝቅ በማድረግ በመዳፍ ሥር 5 ጊዜ በትከሻዎቹ መካከል ይመታል። ካልወጣለት ተገልብጦ ደረቱ መካከል በሁለት ጣት 5 ጊዜ ይጫናል፤ ይህም ይደጋገማል። ከዚያ በላይ ላለው ልጅና ለትልቅ ሰው ጀርባውን 5 ጊዜ ከመቱ በኋላ ከኋላ አቅፎ ከእምብርት በላይ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ መግፋት ይገባል። በዓይን ያልታየን ነገር ለማውጣት ጣትን ጉሮሮ ውስጥ መስደድ ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

በደጋማ ጣቢያዎች ሌላው የሌሊት አደጋ ከሰል ነው። ብርዱን ለመከላከል በተዘጋ ድንኳን ውስጥ የተቀጣጠለ ከሰል ሽታና ቀለም የሌለው መርዘኛ አየር ያወጣል። ጧት ቤተሰቡ በሙሉ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መፍዘዝ ከታየበት፣ ሳይመረመር አስቀድሞ ወደ ንጹሕ አየር ይወጣል፤ ኦክሲጅን ካለም በብዛት ይሰጠዋል። የኦክሲጅን መለኪያው (ኦክሲሜትር) በዚህ መርዝ ስለሚታለል ደህና ቁጥር ቢያሳይም አይታመንም።

5. መሠረታዊ መድኃኒቶች

ሀ. ኦክሲጅን። ኦክሲጅን መድኃኒት ነው፤ መጠንም ጊዜም አለው። በጣት በሚያዘው ኦክሲሜትር የተለካ የደም ኦክሲጅን ከ90 በመቶ በታች ከሆነ ይጀመራል። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው ቦታዎች የጤናማ ሰው ቁጥር ራሱ ዝቅ ስለሚል 87 በመቶ እንደ ወሰን ሊወሰድ ይችላል። መለኪያ ከሌለ ከንፈሩ የጠቆረ፣ የሚያቃስት ወይም መጥባት ያቃተው ሕፃን ይሰጠዋል። በአፍንጫ በሚገባው ቀጭን ቱቦ ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን በደቂቃ ከግማሽ እስከ 1 ሊትር፣ እስከ 5 ዓመት ላለው ከ1 እስከ 2 ሊትር ይበቃዋል።

የሥራ ኃላፊዎች የሚከተለውን ስሌት ማወቅ ይጠቅማቸዋል። በደቂቃ 2 ሊትር የሚወስድ አንድ ሕፃን በሰዓት 120፣ በቀን 2,880 ሊትር ይጨርሳል። 6,800 ሊትር የሚይዝ ትልቅ ሲሊንደር እንግዲህ ለአንድ ሕፃን ሁለት ቀን ተኩል እንኳ አይሞላለትም። ስለዚህ ጄኔሬተር ወይም የፀሐይ ኃይል ባለበት ጣቢያ ከአየር ላይ ኦክሲጅን አጣርቶ የሚሰጠው መሣሪያ ይመረጣል፤ ሲሊንደሩ ለመጠባበቂያና ለጉዞ ይቀመጣል። በፓፑዋ ኒው ጊኒ በ5 ሆስፒታሎች ይህን መሣሪያና ኦክሲሜትርን አሟልቶ የማቅረብ ሥራ ተካሂዶ፣ በሳንባ ምች የሚሞቱት ሕፃናት መጠን በ35 በመቶ ገደማ መቀነሱ በ2008 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ጥናት ተገልጿል። ኦክሲጅን እሳትን ስለሚያባብስ ጉልቻ፣ ሻማና ሲጋራ በአጠገቡ አይኖሩም፤ የሲሊንደሩን ቧንቧም ቅቤ ወይም ዘይት በነካ እጅ መክፈት ክልክል ነው።

ለ. አሞክሲሲሊን። ትንፋሹ የፈጠነ ወይም ደረቱ የተሰረጎደ፣ ግን የአደጋ ምልክት የሌለበትና መጠጣት የሚችል ሕፃን በዚህ መድኃኒት ይታከማል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሰፊው ይሰጥ የነበረው ኮትሪሞክሳዞል በአሁኑ መመሪያ ለአሞክሲሲሊን ቦታውን ለቅቋል። በውኃ የሚሟሟው ባለ 250 ሚሊግራም እንክብል በቀን ሁለት ጊዜ ለ5 ቀን እንደሚከተለው ይሰጣል፦ ከ2 ወር እስከ 12 ወር (ከ4 እስከ 10 ኪሎ) 1 እንክብል፤ ከ12 ወር እስከ 3 ዓመት (ከ10 እስከ 14 ኪሎ) 2 እንክብል፤ ከ3 እስከ 5 ዓመት (ከ14 እስከ 19 ኪሎ) 3 እንክብል። የከሳ ሕፃን ዕድሜው ሳይሆን ክብደቱ ይታያል። የመጀመሪያው መጠን በሠራተኛው ፊት ይዋጣል፤ እናቲቱም እንዴት እንደምታሟሟው ሠርታ ታሳያለች። በሁለት ቀን ውስጥ ካልተሻለው ወይም ከባሰበት ሳትዘገይ እንድትመለስ ይነገራታል።

ሐ. አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን። የአደጋ ምልክት ላለበት፣ ዕድሜው 2 ወርና ከዚያ በላይ ለሆነ ሕፃን አምፒሲሊን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 50 ሚሊግራም በየ6 ሰዓቱ፣ ጄንታማይሲን ደግሞ 7.5 ሚሊግራም በቀን አንድ ጊዜ በመርፌ ይሰጣል። ወደ ሆስፒታል የሚላክ ሕፃን የመጀመሪያውን መርፌ ሳይወጋ መኪና ላይ አይወጣም።

መ. ሳልቡታሞል። አየር ሲያስወጣ ሲር ሲር የሚል ድምፅ የሚያሰማ፣ በተለይም አስም ያለበት ሕመምተኛ በሚነፋው ሳልቡታሞል ይረዳል። ሕፃናት ፓምፑን በቀጥታ መሳብ ስለማይችሉ 750 ሚሊሊትር በሚይዝ ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ መቀበያ ይሠራላቸዋል፤ የጠርሙሱ ቂጥ በፓምፑ አፍ ልክ ተበስቶ ፓምፑ ይገባበታል፣ ሕፃኑም በጠርሙሱ አፍ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ይተነፍሳል። በአንድ ጊዜ 2 እየተነፋ ከ5 ዓመት በታች ላለው እስከ 6፣ ከዚያ በላይ ላለው እስከ 12 ይደርሳል። ከዚያም ትንፋሹ እንደገና ይቆጠራል፤ ካልተሻለው ይደገማል። ትልቅ ሰው በመጀመሪያው ሰዓት በየ20 ደቂቃው ከ4 እስከ 10 ይነፋለታል።

ሠ. ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶን። ብርቱ የአስም ሕመም ለያዘው ሕፃን ፕሬድኒሶሎን ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም፣ ከ40 ሳያልፍ፣ በቀን አንድ ጊዜ ይሰጣል። ሥራውን የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ ሳልቡታሞልን አይተካም። ጉሮሮው አብጦ እንደ ውሻ ጩኸት ለሚያስለውና ሻካራ ድምፅ ለሚያሰማ ሕፃን ዴክሳሜታሶን ለእያንዳንዱ ኪሎ 0.6 ሚሊግራም አንድ ጊዜ ይሰጣል። እንዲህ ያለው ሕፃን ጉሮሮው በማንኪያ ተገፍቶ አይታይም፤ በድንገት ሊዘጋ ይችላልና።

ረ. አድሬናሊን። ፔኒሲሊንና መሰሎቹ ሲወጉ አልፎ አልፎ ፊትን የሚያሳብጥ፣ ትንፋሽን የሚያፍንና የደም ግፊትን የሚጥል ብርቱ አለርጂ ይከሰታል። ስለዚህ አድሬናሊን በአጠገብ ሳይኖር መርፌ አይወጋም። ከአንድ ለሺው (1:1000) አድሬናሊን ለእያንዳንዱ ኪሎ 0.01 ሚሊሊትር፣ ለትልቅ ሰው እስከ 0.5 ሚሊሊትር፣ በጭኑ ውጫዊ ጡንቻ ይወጋል፤ ካልተሻለው ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል።

ሰ. ቫይታሚን ኤ። ኩፍኝ የያዘው ሕፃን በዕለቱና በማግስቱ ቫይታሚን ኤ ይሰጠዋል፤ ከ6 ወር በታች 50,000፣ ከ6 እስከ 11 ወር 100,000፣ ከዚያ በላይ 200,000 ዩኒት።

ሸ. የማይሰጡ። ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕና የሚያስተኙ መድኃኒቶች ትንፋሽን ስለሚያዳክሙ ለሕፃን አይሰጡም። ትንፋሹ ያልፈጠነና የአደጋ ምልክት የሌለበት ጉንፋንም የጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት አያሻውም፤ ያለ አግባብ የተሰጠው ነገ ለሚያስፈልገው ሕፃን ይጎድላል።

6. ልማድና ምክር

ልጁ ሲያስለው እንጥሉን ማስቆረጥ፣ አራስ ሕፃንን ቅቤ ማዋጥ፣ በባሕር ዛፍ ጭስ ማጠን ከቀዬው ጋር ወደ መጠለያው የመጡ ልማዶች ናቸው። እንጥል ማስቆረጥ ደም ያፈስሳል፣ መመረዝንም ያስከትላል። ቅቤ ወደ ሳንባ ከገባ በቀላሉ አይወጣም፤ ሳንባውን ያቆስላል። ሆኖም እናቲቱን መዝለፍ በሚቀጥለው ጊዜ ልጇን እንድትደብቅ ያደርጋታል። ይልቁንስ በአካባቢው የተከበሩ አረጋውያንና አዋላጆች በቆጠራው ሥራ እንዲረዱ ቢደረግ፣ ያበጠውን ጉሮሮ ወደ ቆራጭ ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ ይልኩታል። ጡት ማጥባት እንዳይቋረጥ፣ አፍንጫው በንጹሕ ጨርቅ እንዲጸዳ፣ ልጁም ፊቱ ሳይሸፈን እንዲሞቅ መምከር ይጠቅማል።

7. ሕመምተኛን ማጓጓዝ

ብዙ ሕፃናት የሚሞቱት በጣቢያው ወይም በሆስፒታሉ ሳይሆን በሁለቱ መካከል ባለው መንገድ ላይ ነው። ከመነሣት በፊት የሚከተሉት ይሟላሉ፦ የመጀመሪያው መርፌ ተወግቷል፤ ኦክሲጅኑ ከጉዞው ሰዓት እጥፍ ሆኖ ተይዟል፤ ሕፃኑ መዋጥ ከቻለ ጠብቷል፣ ወይም በ200 ሚሊሊትር ንጹሕ ውኃ 4 የሻይ ማንኪያ ልክ ስኳር ተበጥብጦ ከ30 እስከ 50 ሚሊሊትር ተሰጥቶታል፤ ገላው ከእናቱ ገላ ጋር ተጣብቆ ተሸፍኗል። የተሰጠው መድኃኒት፣ መጠኑና ሰዓቱ፣ የተቆጠረውም ትንፋሽ በወረቀት ተጽፎ ከእናቲቱ ጋር ይሄዳል። በመንገድ ላይ በየ15 ደቂቃው ትንፋሹን የሚያይ ሰው አብሮ ይሳፈራል። ሕመምተኛ በእህል ጭነት ላይ ተጭኖ አይላክም።

8. የሥራ ኃላፊዎች ድርሻ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሁሉ አደጋው ከደረሰ በኋላ የሚሠራ ነው። ከአደጋው በፊት የሚሠራው ግን በአስተዳደር እጅ ነው። በመጠለያ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር የተሸፈነ ቦታ ይመደባል፤ ብርድ በሚበረታበት ወይም በውስጥ በሚበሰልበት ቦታ ከ4.5 እስከ 5.5 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። የማብሰያው ቦታ ከመኝታው ይለያል፤ ደረቅ ማገዶ ይቀርባል። ብርድ ልብስ ከእህሉ ኋላ የሚደርስ ትርፍ ዕቃ ሆኖ አይቆጠርም።

የኩፍኝ ክትባት ከ6 ወር እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች በምዝገባው ዕለት እንዲሰጥ ይደረጋል፤ ከ9 ወር በፊት የተከተበው 9 ወር ሲሞላው ይደገምለታል። በኢትዮጵያ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ በአምስቱ በሽታዎች ጥምር ክትባት ውስጥ፣ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኒሞኮካል ክትባት የሳንባ ምችን ዋና ዋና መንስኤዎች መከላከል ተችሏል፤ ተፈናቃይ ሕፃናት ይህን ዕድል በመንገድ ላይ እንዳያጡ ካርዳቸው ይመረመራል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለው ሰውም ለሳንባ ነቀርሳ እንዲመረመር ይላካል።

ለክለሳ የሚረዱ ጥያቄዎች

1. የ8 ወር ሕፃን በደቂቃ 52 ይተነፍሳል፤ ይጠባል፤ ደረቱ አልተሰረጎደም። ክብደቱ 7 ኪሎ ነው። ምን ይሰጠዋል? ለስንት ቀን?
2. የ2 ዓመት በጣም የከሳች ልጅ በደቂቃ 36 ትተነፍሳለች፤ ገላዋ ቀዝቅዟል፤ ወተት እምቢ ብላለች። ቁጥሩ ደህና ስለሆነ ወደ ድንኳኗ ትመለስ ማለት ለምን ስሕተት ይሆናል?
3. በደቂቃ 1 ሊትር ኦክሲጅን የሚወስድ ሕፃን 6 ሰዓት በሚፈጅ መንገድ ይላካል። ስንት ሊትር ይያዝለታል?
4. አንድ ኃላፊ 10 ሰዓት ወይም 10 ሲሊንደር ከመግዛት አንዱን ምረጥ ቢባል፣ ከምርጫው በፊት ስለ ጣቢያው ምን ምን ማወቅ ይገባዋል?

መደምደሚያ

የትንፋሽ አደጋን ለመቋቋም የሚያስፈልገው የመጀመሪያው መሣሪያ ባለ ሰከንድ ሰዓት ነው፤ ሁለተኛው በክብደት ተለክቶ በጊዜው የሚሰጥ ጥቂት መድኃኒት ነው፤ ሦስተኛው ለሕመምተኛው በሰዓቱ የሚነሣ መኪና ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል የሁለቱ ድካም ከንቱ ይሆናል። አንዲት እናት ልጇን አዝላ ከድንኳን ተራው ጫፍ እስከ ጤና ጣቢያው ስትመጣ የሚጠብቃት ሰው የልጇን ነጠላ ገልጦ፣ ሰዓቱን አይቶ፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ ዝም ብሎ መቁጠር ይገባዋል። የሚቀጥለው ሥራ ሁሉ የሚጀምረው በዚያች ደቂቃ ነው።